ኅዳርም ሐምሌም ይታጠናል፦ የአዲስ አበባ ዳርቻ አየር ለምን አይጠራም?

ኅዳር 12 አካባቢ በማለዳ ከእንጦጦ ቁልቁል ያየ ሰው ከተማዋን አያገኛትም። በየሰፈሩ ቆሻሻ ይቃጠላል። ጭሱ ትንሽ ከፍ ይልና እንደ ጣራ ተነጥፎ ይቀራል። «ኅዳር ሲታጠን» ይባላል። ልማዱ የመጣው ከ1911 ዓ.ም. ወረርሽኝ ነው። ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን ክፉኛ የመታው በዚያ ኅዳር ነበር፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ እንኳ በጽኑ ታመው ተርፈዋል። ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» አለው። ቆሻሻ ጠርጎ ማቃጠልም በሽታ ማባረሪያ ሆኖ ተያዘ።

በእኛ አገር ጭስ ጥሩ ስም ነው ያለው። ቡና ሲፈላ ቤቱ በዕጣን ይታጠናል። የወተት ዕቃ በወይራ ይታጠናል። ጭስ ያጸዳል፣ ሽታ ያሳምራል፣ ክፉን ያርቃል። ስለዚህ «ጭሱ እየገደለን ነው» የሚል ወሬ ሲመጣ ጆሮ ቶሎ አይቀበለውም።

ወሬው ግን መምጣቱን አላቆመም። በየጊዜው አንድ ሰው ከስልኩ ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ የአየር ጥራት ቁጥር ፎቶ አንሥቶ ይለጥፋል። ከሥሩ ሁለት ዓይነት መልስ ይደረደራል። አንዱ «ዝናብ እየዘነበ የምን ብክለት ነው?» ይላል። ሌላው «የመሀል ከተማ ጣጣ ነው፤ እኛ ዳር ነን» ይላል። ሁለቱም የሰው ልጅ በዓይኑ ካየው ተነሥቶ የሚደርስበት ተገቢ ግምት ነው። ሁለቱም ግን በአብዛኛው ስሕተት ናቸው። ለምን እንደሆነ ለማየት መጀመሪያ ቁጥሩን እንፍታው።

«150» ማለት ምን ማለት ነው?

ስልክ ላይ የሚታየው ቁጥር ሁለት ዓይነት ነው። የክርክሩ ግማሽ የሚመጣው ሁለቱን ከማምታታት ነው።

አንደኛው የክብደት ልኬት ነው። በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ስንት ማይክሮግራም ብናኝ አለ? ማይክሮግራም የግራም ሚሊዮንኛ ነው። ሁለተኛው የአየር ጥራት ነጥብ ይባላል። ያንኑ ልኬት ሕዝብ በቀላሉ እንዲረዳው ከ0 እስከ 500 ባለ መሰላል ላይ ያስቀምጠዋል፤ በየደረጃውም ቀለም ይቀባዋል። ብዙ አፖች የሚጠቀሙት የአሜሪካኑን መሰላል ነው። በዚያ መሰላል 100 ነጥብ ማለት ወደ 35 ማይክሮግራም ነው። 150 ነጥብ ደግሞ ወደ 55 ማይክሮግራም። «ዛሬ 150 ማይክሮግራም ደረሰ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ሦስት እጥፍ ገደማ አጋንኖታል ማለት ነው።

መሰላሉ ራሱም ይቀያየራል። እ.ኤ.አ. በ2024 አሜሪካኖቹ የአረንጓዴውን ጣሪያ ከ12 ወደ 9 ማይክሮግራም ዝቅ አደረጉት። አየሩ ሳይለወጥ ቀለሙ ተለወጠ። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ከዚያም ጥብቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የዓመቱ አማካይ ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ፣ የአንድ ቀን አማካይ ደግሞ ከ15 እንዳይበልጥ ይመክራል። ቀድሞ የዓመቱ ልክ 10 ነበር። በዚህ ሚዛን ከዓለም ሕዝብ 99 በመቶው ከልኩ ያለፈ አየር ይተነፍሳል። አዲስ አበባም በብዙ እጥፍ ታልፈዋለች።

ሌላም ነገር አለ። አፑ ስለ ሰፈርህ ቁጥር ስለሰጠህ ሰፈርህ ውስጥ መለኪያ ተተክሏል ማለት አይደለም። መሣሪያ በሌለበት ቦታ ብዙዎቹ አፖች የሳተላይት ምስልንና የአየር ጠባይ ስሌትን ቀላቅለው ይገምታሉ። ኮዬ ፈጬ ላይ ቆሞ የሚነበበው ቁጥር ከመሣሪያ የመጣ ሳይሆን ከሩቅ የተሰላ ሊሆን ይችላል።

የሚለካው ነገር ፒኤም 2.5 ይባላል። ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮን የማይበልጥ ብናኝ ነው፤ ማይክሮን የሚሊሜትር ሺኛ ነው። ከ20 የሚበልጡ እንዲህ ዓይነት ብናኞች ጎን ለጎን ቢሰለፉ የአንዲት ፀጉር ውፍረት ቢያክሉ ነው። በዓይን አይታይም። የሚታየን አቧራ ከዚህ እጅግ የገዘፈ ነው። ይህ ልዩነት ኋላ ላይ ብዙ ነገር ይወስናል።

ጥቁሩ፣ ነጩና የማይታየው

ማገዶ ሙሉ በሙሉ ቢነድ ኖሮ የሚወጣው በዋናነት ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውሃ ተን ነበር። አይነድም። እሳቱ አየር ሲያጥረው ወይም ሲቀዘቅዝ ግማሽ የተቃጠለ ነገር ይለቃል። ካርቦኑ ጥቀርሻ ይሆናል፤ ጥቁሩ ጭስ እሱ ነው። ቅባትነት ያለው ተን ደግሞ ከእሳቱ ራቅ ብሎ ሲቀዘቅዝ ወደ ደቃቅ ጠብታ ይለወጣል። ነጩ ጭስ ይህ ነው። እርጥብ ባሕር ዛፍ የሚያነድድ ሰው እሳቱን መጀመሪያ ውሃ እንዲያተን ያሠራዋል። ነበልባሉ ይቀዘቅዛል፤ ነጭ ጭስ ይትጎለጎላል። መንገደኛው የሲኖትራኩን ጥቁር ጭስ አይቶ አፍንጫውን ይይዛል፤ በነጩ ጭስ መሀል ግን ሰተት ብሎ ያልፋል። ነጩ ግን ያው ደቃቅ ብናኝ ነው።

እስካሁን ያልነው ከምንጩ ብናኝ ሆኖ የሚወጣውን ነው። ከባዱ ጉዳይ አየር ላይ የሚወለደው ነው። ከጭስ ማውጫ የሚወጣ ጋዝ ሰማይ ላይ ከሌላ ጋዝ ጋር ተዋህዶ ወደ ብናኝ ይለወጣል። ከናፍጣና ከድንጋይ ከሰል የሚወጣው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ጉም ጠብታ ውስጥ ይሟሟና ሰልፌት የተባለ ብናኝ ይሆናል። በሞተር ውስጥ ካለው ከፍተኛ ሙቀት የሚፈጠረው ናይትሮጅን ኦክሳይድ ደግሞ ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ አሞኒየም ናይትሬት ይሆናል። አሞኒያ ከየት ይመጣል? ከከብት ሽንትና ፍግ፣ ከመጸዳጃ ጉድጓድ፣ ከማዳበሪያ።

እዚህ ላይ ዳርቻውን አስቡት። ሱሉልታና ሰበታ የወተት ከብት አገር ናቸው። ከመሀል ከተማ የሚመጣው የመኪና ጋዝና ከከብት በረት የሚወጣው ጋዝ የሚገናኙት ዳር ላይ ነው። ቅዝቃዜና እርጥበት ሲኖር ውህደቱ ይበልጥ ይሳካል። ከተሜውና ገበሬው ሳይተዋወቁ አንድ ብናኝ አብረው ይሠራሉ።

ኦዞንም አለ። ሰማይ ከፍ ብሎ ያለው ኦዞን ከፀሐይ ጨረር ይጠብቀናል፤ መሬት አጠገብ ያለው ግን ሳንባ ይለበልባል። ከማንም ጭስ ማውጫ በቀጥታ አይወጣም። ይህን ያሳየው አሪ ሃገን-ስሚት የሚባል ባዮኬሚስት ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ የአናናስን ጣዕምና ሽታ ያጠና ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ፊቱን ወደ ሎስ አንጀለስ ጭጋግ አዞረ። የመኪናና የነዳጅ ተን ላይ የፀሐይ ብርሃን ሲያርፍ ኦዞን እንደሚፈጠር አረጋገጠ። መጀመሪያ ብዙ ሰው አልተቀበለውም፤ የነዳጅ ኩባንያዎች በተለይ።

ለዳርቻ ነዋሪ የሚያስገርመው ቀጥሎ ያለው ነው። መኪና በተጨናነቀበት መንገድ ላይ ትኩሱ የሞተር ጋዝ ራሱ ኦዞንን ይበላዋል። ንፋሱ ጋዙን ይዞ ከከተማ ሲወጣ ግን የሚበላው እየቀነሰ፣ የሚፈጠረው እየበዛ ይሄዳል። ስለዚህ ኦዞን ብዙ ጊዜ ከመሀል ከተማ ይልቅ ንፋሱ በሚያልፍበት ዳር ይከብዳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ወደ 2,350 ሜትር ላይ ናት፤ ለምድር ወገብም ቅርብ ናት። ፀሐይዋ ለዚህ ሥራ አታንስም።

ዝናቡ ለምን አያጥበውም?

ክረምት የአየር መታጠቢያ ነው የሚለው እምነት ግማሹ እውነት ነው። ዝናብ አቧራን ያወርዳል። ትልልቁ ብናኝ ከጠብታው ጋር ይጋጫል፤ አብሮት ይወድቃል። ደቃቁ ግን ቀላል ስለሆነ ጠብታው ሲመጣ ከአየሩ ጋር አብሮ ገለል ይላል። ከአንድ አሥረኛ እስከ አንድ ማይክሮን ያለው መጠን ለዝናብ በጣም አስቸጋሪው ነው። የማገዶና የሞተር ጭስ በብዛት የሚያርፈው እዚያው ላይ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ለዓመታት የተሰበሰበው ልኬት የሚያሳየውም ይህንን ነው። የፒኤም 2.5 ከፍተኛው ወቅት አቧራማው በጋ አይደለም። ክረምቱ ነው፤ ከሰኔ እስከ ነሐሴ። ዝናብ አየሩን ያጥባል ብሎ የሚያምን ሰው ይህን ቢሰማ ግራ ሊጋባ ይችላል፤ ምክንያቱ ግን ሩቅ አይደለም።

አየር እንደ ድስት ክዳን አለው። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ሞቃቱ አየር ይነሣል፤ ክዳኑ ከፍ ይላል፤ ጭሱም ተበትኖ ይሳሳል። ሐምሌ ላይ ደመናው ፀሐይን ይጋርዳል። ቀኑን ሙሉ ክዳኑ ዝቅ እንዳለ ይውላል። በዚያ ላይ ብርድ ነው። ከሰል የሚያነደው ይበዛል፤ ማገዶውም እርጥብ ነው። የሚወጣው ጭስ ጨመረ፤ የሚበተንበት ቦታ ጠበበ።

«መሣሪያው እርጥበትን ከብናኝ ጋር እያምታታ ቢሆንስ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ርካሾቹ መለኪያዎች ብርሃን አብርተው ብናኝ ይቆጥራሉ፤ እርጥበት ሲኖር ብናኙ ውሃ ጠጥቶ ያብጣልና ቁጥሩን ያጋንናሉ። ውዶቹ ግን የሚስቡትን አየር አሙቀው ያደርቁታል። በማጣሪያ ወረቀት ተሰብስቦ በሚዛን የተለካው ናሙናም የክረምቱን ከፍታ ያሳያል። እርጥበት የተወሰነ ማጋነን ቢኖረውም ነገሩን አይሽረውም።

ከጥቅምት እስከ ጥር ደግሞ ሌላ ዓይነት ክዳን ይመጣል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቅና ውርጭ ይሆናል። መሬት አጠገብ ያለው አየር ይቀዘቅዛል፤ ከላይ ያለው ሞቅ እንዳለ ይቀራል። ኢንቨርዥን ይባላል፤ የሙቀት ግልብጥ እንበለው። ቀዝቃዛው አየር ከባድ ነውና አይነሣም። ጭሱም አብሮት ይታሰራል። ፀሐይ ወጥታ እስክታሞቀው፣ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ እንዳለ ይቆያል። የኅዳር 12 ጭስ እንደ ጣራ የሚነጠፈው ለዚህ ነው። ልማዱ ቆሻሻ ለማቃጠል ከዓመቱ መጥፎ ከሚባሉት ጠዋቶች አንዱን መርጦ ይዟል። መቼም ወረርሽኙ ሲመጣ የአየር ጠባይ አላማከረም።

ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈሳል። ሰሜኑ እንጦጦ ነው፤ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ምዕራቡ ወጨጫ፣ ምሥራቁ የረር። ከተማዋ ከእንጦጦ ሥር ወደ አቃቂ ታጋድላለች። የሌሊቱ ብርድ የወንዞቹን ሸለቆ ይዞ ወደ ደቡብ ሲወርድ መንገድ ላይ ያገኘውን ጭስ ጭምር ተሸክሞ ነው። አቃቂና ቃሊቲ የራሳቸው ጭስ ሳያንሳቸው የላይኛው ሰፈር ይጨመርላቸዋል።

ዳር የወጣው ሰው ምን ይተነፍሳል?

ባለፉት ሁለት አሥር ዓመታት ከተማዋ ወደ ጎን ተለጥጣለች። የካ አባዶ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ጀሞ በኮንዶሚኒየም ተሞሉ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበሩት ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎና ገላን ሸገር ከተማ በሚል አንድ አስተዳደር ሥር ገቡ። ብዙ ሰው ዳር ሲወጣ ራሱን የሚያጽናናው «አየሩ ይሻላል» እያለ ነው። የትራንስፖርቱን ጣጣ የሚያስረሳ አንድ ነገር ያስፈልጋልና።

በእርግጥ ዳር ላይ መኪናው ያንሳል። ግን ሌላው ይበዛል።

መጀመሪያ የሚነሣው አቧራ ነው። መንገዱ አስፋልት አልለበሰም፤ የጠጠር መፍጫ አለ፤ አሸዋና ገረጋንቲ የጫነ ሲኖትራክ ይመላለሳል። ነዋሪው ለቀበሌ አቤት የሚለውም ስለዚሁ ነው። አቧራ ዓይን ያቆስላል፣ አስም ያስነሣል፤ ቀላል አይደለም። ግን አብዛኛው ትልቅ ብናኝ ስለሆነ አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። በጣም የምናማርረው ነገር በጣም የሚጎዳን አይደለም።

ዋናው ማድቤት ነው። ጎን ለጎን የሚኖሩት የኮንዶሚኒየሙ ነዋሪ፣ የጨረቃ ቤቱ ሰውና ነባሩ ገበሬ አንድ አየር ይጋራሉ። ኮንዶሚኒየሙ መብራት ሲኖር በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋግራል፤ ሲጠፋ ከሰሉን ኮሪደር ላይ ያቀጣጥላል። ጨረቃ ቤቱ ቆጣሪ የለውም፤ ከሰል፣ ጭራሮና ሰጋቱራ ነው። ገበሬው ኩበትና ባሕር ዛፍ ቅጠል ያነዳል። ሁሉም የሚያነዱበት ሰዓት አንድ ነው፦ ጠዋት ከ12 እስከ 2፣ ማታ ከ12 እስከ 3። ክዳኑ ዝቅ የሚልበትም ሰዓት ያው ነው።

እዚህ ላይ አጥኚዎች «የ1,000 ሕግ» ብለው የሚጠሩት ነገር አለ። ቤት ውስጥ የተለቀቀ አንድ ግራም ጭስ፣ ከቤት ውጭ ከተለቀቀ አንድ ግራም ጭስ ይልቅ ሰው ሳንባ ውስጥ የመግባት ዕድሉ ወደ 1,000 እጥፍ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። የፋብሪካው ጭስ ማውጫ ከፍ ያለ ነው፤ ጭሱ ሰው ጋ ሳይደርስ ይሳሳል። የምድጃው ጭስ ግን የሚወጣው ከሴትየዋ ፊት አንድ ክንድ ራቅ ብሎ ነው። ስለዚህ «ማን ብዙ ጭስ ያወጣል?» እና «የማን ጭስ ሰው ሳንባ ውስጥ ይገባል?» ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። በአደባባይ ክርክራችን ሁልጊዜ የምንጠይቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ይህ ፋብሪካን ነጻ አያወጣም። ከቃሊቲ እስከ ዱከም ባለው መስመር ብረት ይቀልጣል፣ ቆዳ ይለፋል፣ ፕላስቲክ ይቀረጻል። አጥር ተሻግሮ ለሚኖር ሰው የ1,000ው ሕግ አያጽናናውም። የጂቡቲ መስመር ከባድ መኪናም የሚያልፈው በዚያው ነው። በዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። አሮጌ የናፍጣ ሞተር ነዳጁን የሚያነድበት ኦክስጅን ያጥረዋል፤ ጥቀርሻው ይጨምራል። በተለይ ዳገት ላይ።

ቆሻሻውስ? መኪና በማይገባበት ሰፈር ቆሻሻ አይነሣም። ካልተነሣ ይቃጠላል። በ1911 ዓ.ም. የተቃጠለው ሣር፣ ጨርቅና ፍግ ነበር። ዛሬ ፌስታል፣ የውሃ ፕላስቲክ፣ የጫማ ሶል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ ነው። ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ ዝቅ ባለ ሙቀት ሲነድ ዳይኦክሲን የተባለ መርዝ ይፈጥራል። ዳይኦክሲን ከአየሩ ወደ ሣሩ፣ ከሣሩ ወደ ላሟ፣ ከላሟ ወደ ወተቱ ይሄዳል።

የከተማዋ ቆሻሻ ታሪክ ራሱ የዳርቻ ታሪክ ነው። ቆሼ ሲጀመር ዳር ነበር፤ ከተማው ደርሶበት ዋጠው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሞተ። ከዚያ በፊት ማስወገጃውን ወደ ሰንዳፋ ለማዛወር ተሞክሮ ነበር፤ ገበሬዎቹ ስለተቃወሙ በወራት ውስጥ ቆመ። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ረጲ ላይ ቆሻሻን አቃጥሎ መብራት የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ። እንዲህ ያለ ጣቢያ ጭሱን የሚያጣራ መሣሪያ አለው፤ በሰፈር ጥግ የሚነድ ፌስታል ግን የለውም።

ሳንባ ላይ አያበቃም

ሰው ስለ ጭስ ሲያስብ ሳል ያስባል። ሳሉ የሚታየው ጫፍ ነው። ደቃቁ ብናኝ የሳንባ መጨረሻ ድረስ፣ ኦክስጅን ወደ ደም የሚገባበት ስስ ከረጢት ድረስ ይደርሳል። እዚያ ሰውነት እንደ ባዕድ ቆጥሮት ይዋጋዋል። ውጊያው ብግነት ይባላል። ብግነቱ እዚያው አይቀርም፤ ደም ይወፍራል፣ የደም ሥር ግድግዳ ይጎዳል። ውጤቱ ከዓመታት በኋላ የልብ ድካም ወይም ስትሮክ ሆኖ ይመጣል። የሞተው ሰው የምስክር ወረቀት ላይ «ጭስ» ተብሎ አይጻፍም። ሰው ጭስን የማይፈራው በዚህም ምክንያት ይመስለኛል።

ታዲያ በምን ይታወቃል? ከሚታወቁት ጥናቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመው የአሜሪካ ስድስት ከተሞች ጥናት ነው። ከ8,000 በላይ አዋቂዎችን ከ14 እስከ 16 ዓመት ተከታተለ። ሲጋራውን፣ ዕድሜውን፣ ሥራውን ሁሉ ሂሳብ ውስጥ አስገብቶ፣ በጣም በተበከለችው ከተማ የሞት መጠን ከንጹሕዋ በ26 በመቶ እንደሚበልጥ አገኘ። ብዙ ክርክር አስነሣ፤ ውሂቡ ለሌሎች ተሰጥቶ እንደገና ተሰላ፤ ጸና። እ.ኤ.አ. በ2013 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የውጭ አየር ብክለትን በማያሻማ ሁኔታ ካንሰር ከሚያመጡት ዝርዝር ውስጥ አስገባው። የናፍጣ ጭስ ከአንድ ዓመት ቀድሞ ገብቶ ነበር። ድርጅቱ የውጭውና የቤት ውስጡ ብክለት ተደምሮ በዓመት ወደ 7 ሚሊዮን ሰው ያለ ጊዜው እንደሚገድል ይገምታል።

ሕፃናት ላይ የሳንባ ምች፣ ነፍሰ ጡር ላይ ክብደቱ ያነሰ ልጅ፣ ዕድሜዋን ምድጃ ሥር ያሳለፈች ሴት ላይ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታና የዓይን ሞራ ከጭስ ጋር ይያያዛሉ።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ለብቻው መጠራት አለበት፤ ዓመታት አይጠብቅምና። ሽታ የለውም፤ ቀለም የለውም። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚቀመጥበትን ቦታ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በረታ ጉልበት ይይዛል። የቀላ ከሰል ጭስ ስለሌለው «ጠርቷል» ተብሎ ወደ መኝታ ቤት ይገባል። ሞኖክሳይዱ ግን የሚወጣው ከቀላውም ከሰል ነው። በየክረምቱ «ከሰል አፈናቸው» የሚለው ወሬ የሚመጣው ከዚህ ነው።

መኪና ወይስ ምድጃ?

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ጥቁር አንበሳ አካባቢ ብናኝ በማጣሪያ ሰብስበው ምንጩን በኬሚካል ፊርማው ለይተዋል። ከሩብ በላይ የሚሆነው ከተሽከርካሪ ነው። ማገዶና የአፈር ብናኝ ተከትለው እያንዳንዳቸው ከአምስተኛ በታች ይይዛሉ። «መኪና ነው ዋናው» የሚሉ ሰዎች ይህን ይጠቅሳሉ። ልክ ናቸው፤ ለመሀል ከተማ። ናሙናው የተወሰደው መኪና በማይጠፋበት ቦታ ነው። ኮዬ ፈጬ ላይ ማታ 1 ሰዓት ቢወሰድ ድርሻው እንደዚያው ይሆናል ብሎ መገመት አይቻልም።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለች። በዓለም የመጀመሪያው ነው ተብሎ ብዙ ተወራ። ደጋፊዎቹ መብራታችን ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ስለሚመነጭ መኪናው በእርግጥ ንጹሕ ይሆናል ይላሉ። ትክክል ነው። ሌሎች ደግሞ ክልከላው አዲስ የሚገባውን እንጂ መንገድ ላይ ያለውን አሮጌ ሚኒባስና ከባድ መኪና አይነካም ይላሉ። ይህም ትክክል ነው። የኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን ከጎማና ከመንገድ የሚነሣውን ብናኝ አያስቀርም። ለዳርቻው ለውጡ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። አሮጌ መኪና ከመሀል ከተማ ሲገፋ የሚሠራው ዳር ላይ ነውና፣ ለጊዜው እንዲያውም ሊብስ ይችላል።

ምድጃ ማሻሻል ለዓመታት የታመነበት መንገድ ነው። ምርጥ ምድጃና ላቀች ከሰል ማንደጃ ማገዶ እንደሚቆጥቡ ይታወቃል። ጤናን ያሻሽላሉ ወይ የሚለው ግን ከተጠበቀው በላይ ከባድ ሆኖ ተገኘ። ማላዊ ውስጥ ከ10 ሺህ በላይ ሕፃናትን ያካተተ ሙከራ ተደርጎ ነበር። ለግማሹ ቤተሰብ የተሻለ ምድጃ ተሰጠ። የሳንባ ምች አልቀነሰም። በጓቴማላ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በሩዋንዳ ጋዝ በነጻ ተሰጥቶ በተደረገው ሙከራም የሕፃናት ከባድ የሳንባ ምች ላይ ለውጥ አልታየም።

ከዚህ ተነሥቶ «ጭሱ ጥፋተኛ አይደለም» የሚል አለ። እኔን የሚያሳምነኝ ሌላው ማብራሪያ ነው። ጉዳቱ ከጭሱ ጋር ቀጥ ብሎ አይጨምርም። በጣም በጨሰ ቤት ውስጥ ጭሱን በግማሽ ብትቀንሰውም ጉዳቱ በግማሽ አይቀንስም፤ ትልቁ ጥቅም የሚገኘው ወደ ታች፣ ወደ ንጹሑ ሲቀርብ ነው። በዚያ ላይ አንድ ቤት ምድጃ ቢቀይር የጎረቤቱ ጭስ በመስኮት ይገባል። የማላዊ አጥኚዎችም ምድጃው ቢሻሻል ሌላው ጭስ፣ የሚቃጠለው ቆሻሻ ጭምር፣ እንዳለ መቅረቱን ከምክንያቶቹ መካከል አንሥተዋል።

ይህ ለእኛ ዳርቻ ትልቅ ነገር ይነግራል። መብራት ለአንድ ሕንጻ ገብቶ ለቀጣዩ ጨረቃ ቤት ካልገባ፣ ኮንዶሚኒየሙ የሚተነፍሰው የጨረቃ ቤቱን ጭስ ነው። የአየር ጉዳይ የሰፈር ጉዳይ እንጂ የግቢ ጉዳይ አይደለም። የመብራት ታሪፍ ደግሞ ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው። ለመንግሥት የኪሳራ ጉዳይ ነው፤ መስመር ለመጠገን ገንዘብ ያስፈልጋል። ለእናት ግን ሂሳቡ አጭር ነው። ከሰሉ ከመብራቱ ከረከሰ ከሰሉን ትገዛለች።

የሚለካውስ ማን ነው?

ለብዙ ዓመታት ለሕዝብ ክፍት ከነበሩት አስተማማኝ ልኬቶች አንዱ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የሠራው የአሜሪካ ኤምባሲ መሣሪያ ነበር። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2025 አሜሪካ በዓለም ዙሪያ ከኤምባሲዎቿ የሚወጣውን የአየር ጥራት መረጃ ማሰራጨት አቆመች። ውሳኔው የበጀት ነው ተባለ። የሌላ አገር ኤምባሲ ጣራ ላይ የተተከለ መለኪያ መቼም ዘላለማዊ አይሆንም ነበር።

ሕጉ አገር ውስጥ አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። በካይን የመቅጣት ሥልጣን ይሰጣል። ግን ያልተለካ ነገር አይከሰስም። ፋብሪካው «ጭሱ የመኪናው ነው» ይላል፤ ባለ መኪናው «የማድቤቱ ነው» ይላል፤ የማድቤቱ ባለቤት ደግሞ ማንም አይጠይቀውም።

ርካሽ መለኪያ ዛሬ የአንድ ስማርት ስልክ ዋጋ አካባቢ ነው። ክረምት ላይ ያጋንናል፤ ከአንድ ጥሩ መሣሪያ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ ማረም ይቻላል። ጥቂቶቹ ቱሉ ዲምቱ ክፍያ ጣቢያ፣ ቡራዩ፣ ለገጣፎና አቃቂ ወንዝ ዳር ከኅዳር 5 እስከ ኅዳር 19 ቢቀመጡ ብዙ ነገር ይለያል። የጠዋቱ 12 ሰዓት ጉብታ ከምሽቱ ጉብታ፣ እሑድ ከሰኞ፣ መብራት ያለበት ማታ ከጠፋበት ማታ። መሀል ላይ ኅዳር 12 ትመጣለች። ቁጥሩ ያን ዕለት ምን ያህል እንደሚዘል ይታያል። ከኅዳር 11 ጋር ያለው ልዩነት ትንሽ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ፣ ሌላውም ቀን ሲታጠን ነው የኖረው ማለት ነው።